የጓሮ ዶሮ ሕመምና ጕዳት፤ ምልክቱ፣ ርዳታውና መከላከያው



በቤታችን ካሉት እንስሳት ሁሉ ትንሿ ዶሮ ናት። በሬ ያርሳል፣ ላም ትታለባለች፣ አህያ ይጫናል፤ ዶሮ ግን ቀን በጓሮ ስትጭር ውላ ማታ ከቆጥዋ ስለምትወጣ፣ ቆም ብሎ የሚያስተውላት ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ለደብተርና ለእርሳስ፣ ለጨውና ለሳሙና መግዣ የምትደርስልን፣ በዓመት በዓልም ቀን ገበታውን የምታከብረው እርስዋ ናት። የአገራችን ዶሮ በዓመት የምትጥለው ዕንቁላል ከ40 እስከ 60 ያህል ብቻ ቢሆንም፣ ብዙ ቀለብ ሳትጠይቅ ራስዋን ችላ ስለምትኖር ለድኻ ቤት ታላቅ ረዳት ናት።

ላም ስትታመም ቤተ ሰቡ ሁሉ ይጨነቃል፤ ሐኪምም ይጠራል። ዶሮ ስትታመም ግን «ፈንግል ገባ» ተብሎ ዝም ይባላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ዝምታ ተገቢ አለመሆኑን ማስረዳት ነው። ከዶሮ በሽታዎች አንዳንዶቹ በቤት ውስጥ በሚደረግ ርዳታ የሚድኑ ናቸው፤ አንዳንዶቹ የእንስሳት ሐኪም የሚሹ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ ከያዙ በኋላ መድኃኒት የሌላቸው፣ ነገር ግን አስቀድሞ በክትባት የሚከለከሉ ናቸው። እነዚህን ሦስቱን ለይቶ ማወቅ የዚህ ትምህርት ሁሉ መሠረት ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ያነሣሣኝ ነገር

ይህን ትምህርት የተማርሁት በመጽሐፍ ብቻ አይደለም፤ ባጠፋሁት ጥፋትም ነው። ከሁለት ዓመት በፊት፣ የገና በዓል ሊደርስ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው፣ እናቴ ገበያ ልካኝ አንዲት ቄብ ዶሮ ገዝቼ መጣሁ። ዶሮዪቱ ጥቂት ፈዘዝ ብላ ነበር፤ እኔ ግን የመንገድ ድካም ነው ብዬ ከቤቱ ዶሮዎች ጋራ ቀላቀልኋት። በ3ኛው ቀን ሞተች። በሳምንቱ ከነበሩን 13 ዶሮዎች ሦስቱ ክንፋቸውን ጥለው ቆሙ። ከዚያም 10 ቀን ሳይሞላ 11 ሞቱ፤ የቀሩልን አንድ አውራና አንዲት አሮጌ ዶሮ ብቻ ነበሩ።

እናቴ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ ብታግታቸውም አልዳኑም። የከፋው ግን የኔ ሥራ ነው። የሞቱትን ዶሮዎች በጆንያ ከትቼ ከቤታችን በስተኋላ ካለው ፈፋ ጣልኋቸው። ውሾች ጐትተው በየደጁ በተኗቸው። ከፈፋው ማዶ ዕንቁላል እየሸጡ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት ባልቴት አሉ፤ በጥቂት ቀን ውስጥ የእሳቸውም 6 ዶሮዎች አለቁ። ወደ ቤታቸው ሄጄ ጥፋቱ የኔ መሆኑን በነገርኋቸው ጊዜ፣ «ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ፤ የመጣ ነገር ነው» አሉኝ። ቢቈጡኝ ይሻለኝ ነበር። ነገሩ እንዲያው የመጣ አልነበረም፤ እኔ ያመጣሁት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሳይንስ መምህራችንንና የቀበሌያችንን የእንስሳት ጤና ባለሙያ እየጠየቅሁ፣ ያገኘሁትንም እያነበብሁ የተረዳሁትን ከዚህ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1ኛ/ ጤነኛዋን ከታመመችው ስለ መለየት

ሕመምን ለማወቅ አስቀድሞ ጤናን ማወቅ ያስፈልጋል። ጤነኛ ዶሮ ዐይንዋ ጥርት ያለ ነው፤ በራስዋ ላይ ያለው ሥጋ የቀላ፣ ላባዋ የተኛና የሚያበራ ነው። አፍዋን ገጥማ ያለ ድምፅ ትተነፍሳለች። ኵስዋ ጠንከር ያለ ሆኖ ከላዩ ነጭ ነገር ይታይበታል፤ ዶሮ እንደ ሌሎች እንስሳት ለብቻው የሚወጣ ሽንት ስለሌላት ያ ነጩ ነገር ሽንትዋ ነው።

የታመመች ዶሮ ግን ከጓደኞችዋ ተለይታ ትቆማለች፤ ላባዋን ታንጨፈርራለች፤ ክንፍዋን ትጥላለች፤ ዐይንዋን ትከድናለች። ጥሬ ሲበተን አትሮጥም። «ዶሮ ብታልም ጥሬዋን» እንደሚባለው፣ ጥሬ አይታ ያልሮጠች ዶሮ ከባድ ነገር አግኝቷታል ማለት ነው። የዶሮ የሰውነት ሙቀት በጤናዋም ጊዜ ከ41 እስከ 42 ዲግሪ ስለሚደርስና የኛ ግን 37 ያህል ስለሆነ፣ በእጅ ዳስሶ «ትኵሳት ይዟታል» ማለት ያሳስታል።

ስለዚህ ዶሮ ያለው ሰው ጧት የቆጡን በር ሲከፍት እነዚህን አራት ነገሮች ይመልከት፤ ቍጥራቸው መሙላቱን፣ በመጨረሻ የምትወርደው የትኛዋ እንደ ሆነች፣ የማትበላ መኖርዋን፣ የሌሊቱም ኵስ መልክ ምን እንደሚመስል። ይህን ለማየት ከሁለት ደቂቃ የበለጠ ጊዜ አይፈጅም።

የታመመች ዶሮ ከተገኘች ሕመሙ ምንም ይሁን ምን የመጀመሪያው ርዳታ አንድ ነው። ለብቻዋ በካርቶን ወይም በቅርጫት ውስጥ ደረቅ ጭድ ጐዝጕዞ፣ ነፋስ ከማያገኘው ሞቅ ካለ ስፍራ ማስቀመጥ፤ ንጹሕ ውሃና ጥቂት የራሰ ምግብ ማቅረብ ነው። የሚመግባትም ሰው በመጀመሪያ ጤነኞቹን፣ በመጨረሻ የታመመችውን ይመግብ፤ ከዚያም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ተራው ከተገለበጠ በሽታውን በእጁና በጫማው እያዞረ ያድላል።

2ኛ/ ስለ ፈንግል

ከሁሉም የከፋው የዶሮ ጠላት ፈንግል ነው። ሳይንስ «የኒውካስል በሽታ» ይለዋል፤ ይህም ስም የወጣለት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1926 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ አጠገብ በመታወቁ ነው። በዚያው ዓመት በኢንዶኔዥያ በጃቫ ደሴትም ታይቷል። መንሥኤው ቫይረስ ነው፤ ይኸውም በተራ ማይክሮስኮፕ እንኳ የማይታይ ረቂቅ ተሕዋስ ነው።

ቫይረሱ ከዶሮዋ ሰውነት ከገባ በኋላ ምልክቱ የሚታየው አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 6 ቀን ቈይቶ ነው፤ ነገር ግን ከ2 እስከ 15 ቀን ሊሆን ይችላል። እኔም የተታለልሁ በዚህ ነው። ከገበያ የመጣች ዶሮ ጤነኛ መስላ በሆድዋ በሽታ ይዛ ልትገባ ትችላለችና። ምልክቱም መፍዘዝ፣ አፍን ከፍቶ በጭንቅ መተንፈስ፣ አረንጓዴ መልክ ያለው ተቅማጥ፣ የክንፍና የእግር መልፈስፈስ፣ በመጨረሻም የአንገት መጠምዘዝ ነው። ዶሮዋም ዕንቁላል መጣል ታቆማለች። አንዳንድ ጊዜ ምንም ምልክት ሳይታይ ማታ ደኅና የገባችው ጧት ሞታ ትገኛለች። ክትባት ያልተሰጣቸው ዶሮዎች ባሉበት ግቢ ኀይለኛው ዐይነት ከገባ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል።

ለፈንግል መድኃኒት የለውም። ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ፣ በርበሬ፣ ሎሚ፣ አረቄም ቢሆን ቫይረሱን አይገድልም። ለሰው የተሠራውን የቴትራሳይክሊን እንክብል ፈትተው በውሃ የሚሰጡ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ይህም አይረዳም፤ ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያን እንጂ ቫይረስን አይነካምና። ከበሽታው ያመለጠች ዶሮ ካለች፣ ያመለጠችው በሰውነትዋ ኀይል እንጂ በተሰጣት ነገር አይደለም።

መድኃኒት ባይኖረውም ክትባት አለው። በቢሾፍቱ ከተማ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1964 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ የእንስሳት ክትባት የሚያመርተው ብሔራዊ ተቋም የፈንግልን ክትባት ያዘጋጃል። ከዐይነቶቹም ኤች.ቢ. ዋን እና ላሶታ የሚባሉት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ መጠበቅ አለባቸው። አይ-ቱ የሚባለው ደግሞ በአውስትራልያ አገር በኵዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ የተገኘ ሲሆን ከሌሎቹ ይልቅ ሙቀት ይችላል፤ ስለዚህ መብራትና ማቀዝቀዣ ለሌለው ገጠር የተመቸ ነው። እንዲህም ሆኖ ፀሐይ ላይ መዋል የለበትም።

አይ-ቱ ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው አንዲት ጠብታ ባንድ ዐይን በማድረግ ነው፤ በየ3 ወይም በየ4 ወሩም ይደገማል። በሚጠጣ ውሃ የሚሰጥ ክትባት ከሆነ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፤ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ስለሚገድለው የጕድጓድ ወይም የምንጭ ንጹሕ ውሃ ይሁን። ሁለተኛ፤ ዶሮዎቹ ተጠምተው በአንድነት እንዲጠጡ አስቀድሞ ለ2 ሰዓት ያህል ውሃ ይከልከሉ። ሦስተኛ፤ የተበጠበጠው በ2 ሰዓት ውስጥ ተጠጥቶ ይለቅ።

ክትባት ለጤነኛ ዶሮ እንጂ ለታመመች አይሰጥም። ኀይሉም ወዲያው አይሠራም፤ ሰውነትዋ መከላከያውን እስኪያበጅ ድረስ እስከ 2 ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ ፈንግል ከገባ በኋላ መሯሯጥ ዋጋ የለውም፤ እንዲያውም ክትባት ሰጪው ዶሮዎቹን እየያዘ ከቤት ቤት ሲዞር በሽታውን ያዛምታል። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ቃል ለዚህ ነገር የተነገረ ይመስላል። ፈንግል በገበያ ወራትና ክረምት ሊገባ ሲል ስለሚበረታ፣ ክትባቱ ከነዚህ ጊዜያት አስቀድሞ ቢሰጥ መልካም ነው።

3ኛ/ ስለ ዶሮ ፈንጣጣ

በዶሮዋ ራስ ሥጋ፣ በዐይንዋ ቆብና በአፍዋ ዙሪያ ጠቆር ያለ ቅርፊት ያለው እባጭ ከታየ ፈንጣጣ ነው። ይህም በቫይረስ የሚመጣ ነው፤ ነገር ግን ከፈንግል ይልቅ የዋህ ነው። በሽታውን ከዶሮ ወደ ዶሮ የምታደርሰው በተለይ ትንኝ ናት፤ በመነካከስም በተከፈተ ቁስል ይገባል። ይህ ፈንጣጣ ወደ ሰው አይተላለፍም። የሰው ፈንጣጣ ሌላ ነው፤ እርሱም በፈረንጅ አቆጣጠር በ1980 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል።

ርዳታው እንዲህ ነው። ቅርፊቱን መላጥ አይገባም፤ ሲላጥ ይደማል፤ የወደቀውም ቅርፊት ቫይረሱን ይዞ ለብዙ ወራት ይቈያል። ላዩን አዮዲን መቀባት ሌላ ቁስል እንዳይጨመርበት ይጠብቀዋል። ዐይንዋ ከተዘጋ በቀን ሁለት ጊዜ ፈልቶ በቀዘቀዘ፣ ጥቂት ጨው ባለበት ውሃና በንጹሕ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማራስ፣ እህሉንና ውሃውን ከአፍዋ አጠገብ ማቅረብ ያስፈልጋል። ብዙ ዶሮዎች የሚሞቱት በፈንጣጣው ሳይሆን ዐይናቸው ታውሮ በረኀብ ነውና። በደኅና ከተያዘች ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ትድናለች። እባጩ ወደ አፍና ወደ ጉሮሮ ከገባ ግን ትንፋሽዋን ስለሚዘጋ አስጊ ነው። በግቢ ያለ የቆመ ውሃ ከተደፋና ከተደፈነ ትንኝዋ ታንሳለች፤ ሕመሙም እንዲሁ።

4ኛ/ ስለ ጫጩት ደም ተቅማጥ

ከ3 እስከ 8 ሳምንት የሆናቸው ጫጩቶች ተኰማትረው ቢቆሙና ኵሳቸው ደም ቢቀላቀልበት ኮክሲዲዮሲስ የሚባለው ሕመም ነው። መንሥኤው ቫይረስም ባክቴሪያም አይደለም፤ ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። የተሕዋሱ ዕንቁላል ከኵስ ጋራ ወጥቶ በእርጥብ ጕዝጓዝ ውስጥ ይበስላል፤ ሌላዪቱ ጫጩት ስትጭር ትበላዋለች። ስለዚህ የዚህ በሽታ እናቱ እርጥበት ናት።

ለዚህ መድኃኒት አለው፤ አምፕሮሊየም የሚባል ዱቄት ነው። በሚጠጣ ውሃ ተበጥብጦ ለጥቂት ቀናት ይሰጣል፤ መጠኑም በእሽጉ ላይ እንደ ተጻፈው ወይም ባለሙያው እንዳዘዘው ይሁን። መድኃኒቱ በሚሰጥባቸው ቀናት ቪታሚን ቢ-አንድ ያለበትን ነገር አብሮ መስጠት ኀይሉን ያፈርሰዋል። ከመድኃኒቱም ጋራ እርጥቡን ጕዝጓዝ ጠርጎ ደረቅ መጐዝጐዝ፣ የውሃውንም ዕቃ ጫጩቶቹ እንዳይገለብጡትና እንዳይጭሩበት በድንጋይ ላይ ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል። ጕዝጓዙ ካልተለወጠ መድኃኒቱ ባንድ በኩል ሲያድን እርጥበቱ በሌላ በኩል ያሳምማል።

5ኛ/ ከባክቴሪያ ስለሚመጡ ሕመሞችና ስለ መድኃኒት አወሳሰድ

የዶሮ ታይፎይድና የዶሮ ኮሌራ የሚባሉት በባክቴሪያ የሚመጡ ናቸው። ቢጫ ወይም አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የራስ ሥጋ መገርጣት ወይም መጥቆር፣ ድንገተኛ ሞትም ያሳያሉ። በዐይን ብቻ ከፈንግል መለየት ስለሚያስቸግር የእንስሳት ሐኪም ማየት አለበት።

የዶሮ ኮሌራ በሳይንስ ታሪክ ውስጥ ታላቅ ስፍራ አለው። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር በ1879 እና በ1880 ዓ.ም. በፈረንጅ አቆጣጠር ይህን በሽታ ሲመረምር፣ ብዙ ቀን የቈየው የባክቴሪያ እርባታ ዶሮዎቹን እንዳልገደላቸው፣ ከዚያም በኋላ ከኀይለኛው ባክቴሪያ እንደ ጠበቃቸው አስተዋለ። ከዚህ የተነሣ የተዳከመ ተሕዋስን ለክትባት የመጠቀም ጥበብ ተስፋፋ። ዛሬ እኛ በልጅነታችን የተከተብናቸው አንዳንዶቹ ክትባቶች በዚሁ መንገድ የተሠሩ ናቸው። ስለዚህ የሰው ልጅ ለዶሮ ውለታ አለበት ብንል ማጋነን አይሆንም።

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ሲታዘዝ በታዘዘው መጠንና እስከ ታዘዘው ቀን ድረስ መሰጠት አለበት። «ተሻላት» ብሎ ግማሹን ማስቀረት ያልሞተውን ባክቴሪያ መድኃኒቱን እንዲለምድ ማስተማር ነው። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል ስለዚህ ነገር አስጠንቅቆ ነበር። ደግሞም መድኃኒት በምትወስድ ዶሮ ዕንቁላልና ሥጋ ውስጥ መድኃኒቱ ስለሚቀር፣ ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ድረስ መብላትም መሸጥም አይገባም።

6ኛ/ ስለ ቅማል፣ ስለ ቁንጫና ስለ እግር እከክ

ዶሮ በትቢያ የምትንደባለለው ለጨዋታ አይደለም፤ ገላዋን መታጠብዋ ነው። ስለዚህ ከጣራ በታች፣ ዝናብ በማይደርስበት ስፍራ፣ ደረቅ ዐፈርና የተነፋ ዐመድ ደባልቆ ማኖር ቅማልን ይቀንሳል። ከዚህ የባሰ ጠላት ግን ቀን በቆጡና በግድግዳው ስንጥቅ ተደብቆ ሌሊት ደም የሚመጥ ጥቃቅን ቀይ ተባይ ነው። ቀን ዶሮዋን ብትመረምር አታገኘውም፤ ሌሊት በመብራት ቆጡን ስትመለከት ግን ታገኘዋለህ። ለዚህ ቆጡን በፈላ ውሃ ማጠብ፣ ስንጥቁን በኖራ መድፈን፣ ከአንድ ሳምንት በኋላም መድገም ያስፈልጋል፤ ከዕንቁላሉ የሚፈለፈለው አዲሱ ተባይ በመጀመሪያው ቀን አይሞትምና።

የዶሮዋ እግር ቅርፊት ተነሥቶ ሸካራና ወፍራም ከሆነ፣ ከቅርፊቱ ሥር የሚኖር የእከክ ተባይ ነው። እግርዋን ለብ ባለ የሳሙና ውሃ ነክሮ፣ ለስላሳ በሆነ ብሩሽ አጥቦ፣ አድርቆ ቫዝሊን መቀባት ነው፤ ቅባቱ ተባዩን አየር አሳጥቶ ይገድለዋል። ይህም በየጥቂት ቀኑ ለብዙ ሳምንት ይደጋገማል። አንዳንድ ሰዎች ነጭ ጋዝ ይቀባሉ፤ ይህ ቈዳዋን ያቃጥላል። የእህል ተባይ መግደያም በዶሮ ላይ መርጨት ዶሮዋን፣ ዕንቁላልዋንም የሚበላውን ሰው መመረዝ ስለሆነ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን።

7ኛ/ ስለ ቁስልና ስለ ስብራት

ጭልፊት፣ ድመት፣ ሸለምጥማጥና ውሻ ዶሮን ያቈስላሉ፤ ዶሮዎችም እርስ በርሳቸው ይናከሳሉ። ቁስል ሲገኝ ሥርዐቱ ይህ ነው።

ሀ/ ደሙ እስኪቆም ድረስ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ መጫን፤ በየቅጽበቱ እየገለጡ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ይፈታዋል።

ለ/ በ1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው፣ ይኸውም ሁለት ትንንሽ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ፣ ጨምሮ አፍልቶ በቀዘቀዘው ማጠብ። በዙሪያው ያለውን ላባ መቍረጥ።

ሐ/ አዮዲን መቀባትና ቁስሉ እስኪጠግግ ለብቻዋ ማኖር። ዶሮዎች ደም ሲያዩ የቆሰለችውን ጓደኛቸውን እየነከሱ ይገድሏታልና ይህን መርሳት አይገባም።

መ/ ዝንብ እንዳያርፍባት መጠበቅ። ትል ከታየበት በመቈንጠጫ አንድ በአንድ ለቅሞ ደጋግሞ ማጠብ።

የድመት ጥርስ የወጋው ቁስል ከላይ የመርፌ ቀዳዳ ያህል ቢመስልም ከውስጥ ጥልቅና መርዘኛ ስለሆነ ሳይዘገይ ለባለሙያ መታየት አለበት።

የእግር አጥንት ከተሰበረና አጥንቱ ቈዳውን ቀዶ ካልወጣ፣ ሁለት ቀጫጭን ስንጣሪ እንጨቶችን ጥጥ ጠቅልሎ በግራና በቀኝ አድርጎ በፋሻ ማሰር ይቻላል። ማሰሪያው ሲጠብቅ ከታች ያለው እግር ያብጣል፤ ይቀዘቅዛልም፤ ስለዚህ በየቀኑ መዳሰስ ነው። በጠባብ ስፍራ ለ3 ሳምንት ያህል ብትቀመጥ ብዙ ጊዜ ይጠግናል። አጥንቱ ከወጣ ግን ዶሮዋን በሥቃይ ከማቈየት ባለቤቱ በቶሎ ቢገላግላት ርኅራኄ ነው።

አንዳንድ ጊዜ ጫጩት የምታነክሰው ክር ወይም ጠጕር እግርዋ ላይ ተጠምጥሞ ነው። ክሩ ሥጋውን እየቈረጠ እስኪገባ ድረስ ማንም አያየውም። በመቀስ ጫፍ ቈርጦ ማውጣትና መንከባከብ በቂ ነው። የእግር መርገጫ አብጦ በመካከሉ ጥቍር ነጥብ ከታየ ደግሞ ከከፍተኛ ቆጥ ወደ ደረቅ መሬት በመዝለል የመጣ ነው። ለብ ባለ የጨው ውሃ መንከር፣ ቆጡን ዝቅ ማድረግ፣ ከሥሩም ጭድ መጐዝጐዝ ይረዳል።

8ኛ/ ዳክዬ ላላቸው ቤቶች

በአገራችን ዳክዬ የሚያረቡ ቤቶች ጥቂቶች ቢሆኑም የዳክዬ አያያዝ ከዶሮ በአንዳንድ ነገር ስለሚለይ ጥቂት እጨምራለሁ። ዳክዬ ዐይንዋንና የአፍንጫዋን ቀዳዳ የምታጠበው ራስዋን በውሃ በመንከር ነው፤ ስለዚህ የውሃ ዕቃዋ ራስዋን የሚያጠልቅ ይሁን፤ አለዚያ ዐይንዋ ይታመማል። የዳክዬ ጫጩት ከዶሮ ጫጩት የበለጠ ኒያሲን የሚባለውን ቪታሚን ትፈልጋለች፤ ይህ ሲጐድልባት እግርዋ ይጣመማል፤ ደረቅ እርሾ በምግብዋ ላይ ጥቂት መነስነስ ይጠቅማታል። ዳክዬ እግርዋ ደካማ ስለሆነ በእግርዋ አንጠልጥሎ መያዝ ስብራት ያመጣል፤ ክንፍዋን ከገላዋ ጋራ አቅፎ መያዝ ነው። በበሰበሰ ነገር በተበላሸ የቆመ ውሃ ውስጥ የምትውል ዳክዬ አንገትዋ ልምሾ ሆኖ ሊወድቅ ይችላል፤ ይህ የመርዝ ሥራ ነውና ውሃውን መዝጋት፣ ንጹሕ ውሃም መስጠት ያስፈልጋል። በመጨረሻም፣ ዳክዬ የፈንግልንና የወፍ ኢንፍሉዌንዛን ቫይረስ ሳትታመም ልትሸከም ስለምትችል ከዶሮዎች ጋራ ባንድ ቤት ማሳደር አይገባም።

9ኛ/ ሁላችን ልንጠብቀው የሚገባ ሥርዐት

ከገበያ የመጣች ዶሮ ብትከተብም ባትከተብም 3 ሳምንት ለብቻዋ ትቈይ። እኔ ይህን አንድ ነገር ባውቅ ኖሮ 17 ዶሮዎች ባልሞቱ ነበር።

የሞተች ዶሮ ትቃጠል፤ ወይም ውሻ ቈፍሮ በማያወጣት ጥልቅ ጕድጓድ ትቀበር፤ በፈፋና በወንዝ አትጣል።

የታመመች ዶሮ አትሸጥ፤ ታርዳም አትበላ። በሽታ ሲገባ ዶሮዎቹን በርካሽ ወደ ገበያ መንዳት የራስን ጕዳት ለማቅለል የሌላውን ቤት ማጥፋት ነው።

ብዙ ዶሮዎች ባንድ ጊዜ ከሞቱ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሳይዘገይ ይነገር። ሕፃናትም የታመሙትንና የሞቱትን ዶሮዎች እንዳይነኩ ይከልከሉ። የፈንግል ቫይረስ እንኳ የሰውን ዐይን አቅልቶ ለጥቂት ቀን ሊያሳምም ይችላል።

መደምደሚያ

ከዚያ ጥፋት በኋላ ከተረፈችው አሮጌ ዶሮ ሥር ዕንቁላል አስቀምጠን፣ በ21ኛው ቀን 9 ጫጩቶች ተፈለፈሉ። ባደጉ ጊዜ ሦስቱን ቄቦች ለባልቴቲቱ ወሰድሁላቸው። አልቀበልም ብለው ነበር፤ እናቴ መጥታ በለመነቻቸው ጊዜ ተቀበሉ።

ክትባት ለማስመጣት በጠየቅን ጊዜ አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ፣ አንዴም ከተበጠበጠ የማይቀመጥ መሆኑ ተነገረን። የአንድ ቤት ዶሮ ብልቃጡን አይጨርሰውም። ስለዚህ እኔና ሁለት የክፍሌ ልጆች ከቤት ቤት እየዞርን ጐረቤቱን አስማማን። ብዙዎቹ በመጀመሪያ አላመኑንም፤ «በኔ ዶሮ ልትማሩ ነው?» ያሉንም ነበሩ። ዛሬ በየ4 ወሩ 14 ቤቶች ገንዘብ እያዋጡ ባለሙያው እየመጣ ይከትባል፤ እኛም ዶሮ እንይዛለን፤ ቀኑንም በደብተር እንጽፋለን። ባልቴቲቱ ዶሮዎቻቸውን የሚይዙት ራሳቸው ናቸው። ባለፈው ጊዜ ቸኵዬ አንዲቱን ስለቅቃት፣ «አንተ ልጅ፣ ጠብታዋ ከዐይንዋ ሳትገባ አትልቀቃት!» ብለው ተቈጡኝ። ያን ቀን ደስ አለኝ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ እንዲሁም ወላጆቻችን፣ ፈንግል አጥር አያውቅም። የአንዱ ቤት ዶሮ ሳትከተብ የሌላው ቤት ዶሮ በደኅና አትኖርም። በትምህርት ቤት የምንማረው ሳይንስ ከጥቍር ሰሌዳው ወርዶ ከቆጡ ሥር ካልደረሰ ለእናቶቻችን ምን ጠቀማቸው?

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. ቴትራሳይክሊን ፈንግልን የማያድነው ስለ ምንድን ነው?

2. አዲስ የመጣች ዶሮ 3 ሳምንት ለብቻዋ የምትቈየው ለምንድን ነው? የፈንግልን ምልክት እስኪታይ የሚፈጀውን ቀን እያሰብህ መልስ።

3. ክትባት የሚበጠበጥበት ውሃ ክሎሪን የሌለበት መሆን ያለበት ስለ ምን ነው?

4. በቤትህ ያሉትን ዶሮዎች ለ7 ቀን ጧት ጧት ተመልክተህ ያየኸውን በደብተርህ ጻፍ። ከመካከላቸው በመጨረሻ ከቆጥ የምትወርደው የትኛዋ ናት? ምክንያቱስ ምን ይመስልሃል?